ዘጠኝ ናቸው ያላልኩበት ቀን

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለሚስቴ አልነገርኳትም። ንስሐ አባቴ ፊት በየዓመቱ ተንበርክኬ ሌላ ሌላውን ስዘከዝክ ይህችን ብቻ በጉንጬ ይዤ እመለስ ነበር። አሁን የምናገረው ልቤ ስለተሰበረ እንዳይመስልህ። ተናድጄ ነው! ባለፈው ሰሞን አንድ ወዳጄ በሠርግ ላይ ተነስቶ፣ እኔን በጣቱ እያሳየ፣ «የእኚህን ያህል ለወገኑ የታገለ ሰው ኦስሎ ውስጥ የለም» አለ። ሰው አጨበጨበ። እኔም አንገቴን ደፋ አድርጌ፣ እንደ ትሑት ሰው፣ ፈገግ አልኩ። ቤቴ ገብቼ ጫማዬን ሳወልቅ ያቺ ፈገግታ አስጠላችኝ። እንግዲህ ስማኝ፤ አንቺም የምታነቢው ስሚኝ። ስጨርስ ግን «ምስኪን» እንዳትሉኝ።

እኔ በሆስፒታል ላቦራቶሪ የሰው ደም ስመረምር የኖርኩ ሰው ነኝ። ፖለቲካ የት አውቅና! በሁለት ሺዎቹ መጨረሻ ገደማ፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ማለቴ ነው፣ አንድ ፓርቲ ለወረዳ ምክር ቤት በሚያቀርባቸው ዕጩዎች መካከል ጥቁር ፊት አስፈለገውና እኔ ተገኘሁ። ለጌጥ አስገቡኝ። የሰፈሩ ሐበሻ ግን ስሜ ላይ ምልክት እያደረገ ገፍቶ ገፍቶ አስመረጠኝ። የወረዳውን ስም አልጠራም፤ ጥፋቱ የወረዳው አይደለም፤ የእኔ ነው። ምክር ቤቱ ሲደላደል ማንም ያልፈለገው የቁጥጥር ኮሚቴ ደረሰኝ። ጓደኞቼ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» እያሉ ቀለዱብኝ። የሚበላ ነገር ቢባል ሰብሳቢያችን ቱሪድ ከቤቷ ጋግራ የምታመጣው ቫፍል ብቻ ነበር።

አምስት ነን። ቱሪድ ጡረታ የወጣች አስተማሪ ናት። ሼቲል የሚባል መሐንዲስ አለ፣ ሁለት ዝምተኞች አሉ፣ እኔ አለሁ። ሥራችን የወረዳው አገልግሎት በትክክል መሰጠቱን መከታተል ነው። ሁሉን ነገር መመርመር ስለማይቻል በዓመት ሁለት ጉዳይ እንመርጣለን፤ የተመረጠው ይመረመራል፤ ያልተመረጠው መሳቢያ ውስጥ ይገባል። ነዋሪው ደብዳቤ ይጽፋል፤ እኛ ሰሌዳ ላይ ጉዳዮቹን ደርድረን ለእያንዳንዱ ሦስት ጥያቄ እንጠይቃለን። ስንት ሰው ይነካል? ወረዳው ራሱ ሊያስተካክለው ይችላል ወይ? ሌላ መሥሪያ ቤት ይዞታል ወይ? ለእያንዳንዱ ከአንድ እስከ አምስት ነጥብ። ነጥቡ ይደመራል፤ ሁለቱ ከላይ የወጡት ያልፋሉ። «ስንት ሰው ይነካል» የሚለው እንዴት ይታወቃል ብትለኝ፣ በመጣው ደብዳቤ ብዛት ነበር። አንድ ደብዳቤ አንድ ሰው።

ዘዴውን እንዳትሰድብብኝ። አውቃለሁ፣ ወዲያው «አይ እነዚህ ፈረንጆች!» ልትል አፍህን ከፍተሃል። ዝጋው። ዘዴው የሚናገር ሰው ቢያገኝ ኖሮ ይሠራ ነበር።

አሁን ወደ እትዬ አስካለ ልምጣ። እትዬ አስካለ ዘመዴ አይደሉም፤ ይህን ልብ በሉልኝ፣ ኋላ ይፈለጋል። ስደተኛ ሆኜ በመጣሁበት ክረምት፣ ገና ካምፕ ሳለሁ፣ የሟች ባላቸውን ወፍራም ካፖርት አምጥተው ትከሻዬ ላይ ጣል አድርገው «ብርዱ ሰው አይመርጥም፣ ልበሰው» ያሉኝ ሴት ናቸው። እኔ ኮሚቴው ውስጥ በገባሁበት ጊዜ ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፣ ብቻቸውን በአንዲት ትንሽ አፓርትመንት ይኖራሉ። ልጃቸው ሞርተንሩድ፣ ባቡሩ የሚያልቅበት፣ ሚስትና ልጆች ይዞ ነው የሚኖረው፤ ሄልስፊር አንድ ቢሮ ይሠራል፤ ሲቻለው ብቅ ይላል።

ኮሙኑ፣ የከተማው አስተዳደር ማለት ነው፣ ለእንደሳቸው ዓይነት አዛውንቶች አላርም ያድላል። በእጅ አንጓ ላይ የሚታሰር ቁልፍ ነው። ስትወድቅ ትጫነዋለህ፤ ግድግዳው ላይ ካለችው ሳጥን ድምፅ ይመጣና «ምን ሆነዋል?» ይልሃል። በኖርዌይኛ ነዋ! እትዬ አስካለ አንድ ጊዜ መታጠቢያ ቤት ውስጥ አዳልጧቸው ወድቀው ቁልፉን ተጫኑት። ሳጥኑ ጠየቀ። እሳቸው በአማርኛ «ወደቅሁ፣ ልጆቼ፣ ወድቄያለሁ» አሉ። ሳጥኑ ደግሞ ጠየቀ። እሳቸው ደግመው ነገሩት። ማዶ ያለው ሰው በስሕተት የተነካ መስሎት ዘጋው። ጎረቤት ጩኸታቸውን ሰምታ እስክትመጣ ሁለት ሰዓት ሙሉ እርጥብ ወለል ላይ ተኙ።

ይህ የእሳቸው ብቻ ጣጣ አልነበረም። እትዬ አስካለ የማርያም ጽዋ ማኅበር አላቸው፤ ዘጠኝ ሴቶች ናቸው፤ ሁሉም አሮጊት፣ ሁሉም አላርም ያሰሩ። በወሩ ሃያ አንድ አንዷን ሴትዮ በመኪናዬ አድርሼ እኔም ቁጭ ብዬ ሳለሁ ወሬው ተነሳ። አንዷ ስኳሯ ወርዶባት ተጭና ማንም እንዳልመጣ ተናገረች። ሌላዋ ደረቷን ውጋት ሲይዛት፣ ሌላዋ ከአልጋ ስትወድቅ። ሁሉም ተናገሩ። እኔም፣ ሹሙ፣ ደረቴን ነፍቼ «ደብዳቤ ይጻፍ እንጂ! ኮሚቴያችን እኮ ለዚህ ነው የተቀመጠው» አልኩ። አዎ፣ ጻፉ ያልኳቸው እኔ ነኝ።

እትዬ አስካለ እየነገሩኝ በኖርዌይኛ ጻፍኩት። ሲያልቅ «ዘጠኛችሁም ብትፈርሙ ይሻላል» አልኩ። ሴቶቹ እንዴት አድርገው አዩኝ መሰለህ!

«ሙሴ እያለች እኛ ምን ቤት ነን?» አለች አንዷ። በጽዋ ማኅበር መሪዋ ሙሴ ትባላለች፤ የእነሱ ሙሴ እትዬ አስካለ ነበሩ። ሙሴ ከተናገረ ማኅበሩ ተናገረ ማለት ነው። በላዩ ላይ ስም መደርደር እሳቸውን አለማመን፣ መናቅ ነው የሚመስለው። «ደግሞስ አንተ አለህ አይደል? ሙሴዋ የፈረሙት ለሁላችን ነው ብለህ ትነግራቸዋለህ» አሉኝ።

«እነግራቸዋለሁ» አልኩ። በአፌ ነው ያልኩት። እትዬ አስካለ ብቻቸውን ፈረሙ፤ ፊርማቸው እየተንቀጠቀጠ ግማሽ ገጽ ያዘ።

በዚያው ሰሞን ሁለት ነገር ሆነ። አንደኛው፣ የፓርቲው ሰዎች ለሚቀጥለው ምርጫ ለከተማው ምክር ቤት ሊያስቡኝ እንደሚችሉ ጆሮዬ ላይ ሹክ አሉኝ። ሁለተኛው፣ ሼቲል ቴርሞሱን እያቀበለኝ፣ ፈገግ ብሎ፣ «አንተ ግን እዚህ የተቀመጥከው ለወረዳው ነው ወይስ ለወገኖችህ?» አለኝ። ቀልድ ነበር፤ እሱ ራሱ ወዲያው ሳይረሳው አልቀረም። እኔ ግን ያችን ቀልድ ይዣት ተኛሁ፣ ይዣት ተነሳሁ። ደም በማይክሮስኮፕ ሳይ እንኳ ትታየኝ ነበር። ለምን ይህን ያህል ወጋኝ? እውነት ስለነበረ? እውነትስ ቢሆን ምን ነበረበት? ለወገኖቼ ብቀመጥ ወገኖቼ የወረዳው ነዋሪ አይደሉም እንዴ? ይህን መልስ ዛሬ በአንድ ትንፋሽ እሰጠዋለሁ፤ ያኔ ግን ቴርሞሱን ተቀብዬ ቡናዬን ቀዳሁ።

የስብሰባው ቀን ደረሰ። ኅዳር ነው፤ በእነሱ ኖቬምበር፤ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ይመሻል። በመጀመሪያ የእግረኛ መንገድ በረዶ ቀረበ። ጠጠር አይበተንም፣ ሰው እየተንሸራተተ ነው የሚል። አሥራ አራት ደብዳቤ! ሁሉም ከአንድ ሕንጻ፣ ሁሉም ከቃል እስከ ቃል አንድ ዓይነት፣ አንዱ ጽፎ ሌሎቹ አባዝተው፣ ከሥሩ ስማቸውን ብቻ የቀየሩበት። እነሱ ያውቁበታላ። «ስንት ሰው ይነካል» ለሚለው አምስት ተሰጠ። ቀጥሎ የሕፃናት መጫወቻ ሜዳ መጣ፤ ሰባት ደብዳቤ። ከዚያ ቱሪድ የእትዬ አስካለን አንዲት ወረቀት አነሳችና ወደ እኔ ዞረች።

«ይቺን ሴት የምታውቃት ይመስለኛል፤ እስኪ አንተ ንገረን» አለችኝ።

አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር የሚጠበቅብኝ። «ይህች አንዲት ደብዳቤ የዘጠኝ ሴቶች ናት» ማለት ብቻ። ሼቲል ቡናውን እያማሰለ ነበር፤ ቀና ብሎም አላየኝም። እኔ ግን የሚያየኝ መሰለኝና ተነሳሁ። «ኢንሃቢል ነኝ» አልኩ። በዚያ አገር ሕግ፣ ጉዳዩ የዘመድህ ከሆነ ወይም አንተ የምትጠቀምበት ከሆነ ኢንሃቢል ነህ፤ አትፈርድበትም፤ ወጥተህ ትቆያለህ።

ቱሪድ መነጽሯን አወለቀች። «ዘመድህ ናት?»

«አይደለችም። ግን ቅርቤ ናት፤ ደብዳቤውንም ስትጽፍ ረድቻታለሁ።»

«ይህ እንኳ ኢንሃቢል አያሰኝህም» አለች፣ ቀስ ብላ፣ እንደ አስተማሪ። «ቢሆንም ካልተመቸህ ነጥቡን አትስጥ። መጀመሪያ ግን የምታውቀውን ንገረንና ውጣ።»

አየህ? በሩን ከፈተችልኝ። ንገረንና ውጣ አለችኝ። እኔ ምን አልኩ? «አይ፣ አይ፣ ምንም ባልናገር ይሻላል» አልኩ። እኔ ነኝ ያልኩት። ማንም አልገፋኝም፤ ማንም አላስፈራራኝም። ወጣሁ። በሩንም ከኋላዬ በትሕትና ዘጋሁት!

ኮሪደሩ ላይ የመዘምራን ልምምድ ማስታወቂያ ተለጥፎ ነበር። እሱን ሳነብ፣ ስጨርስ እንደገና ከላይ ስጀምር ቆየሁ፤ ኋላ ጠሩኝ። ስገባ ሰሌዳው ላይ በአረንጓዴ ቀለም፣ በመጀመሪያው ጥያቄ ትይዩ፣ «1» ተጽፏል። አንድ። ጉዳዩ ወድቋል። ከወንበሬ ልቀመጥ ስል ሼቲል ትከሻዬን ነካ አድርጎ «ሪዲግ» አለኝ፤ ጥንቅቅ ያለ ሰው፣ ነገር የማያቀላቅል ማለት ነው፤ በዚያ አገር ከዚህ የበለጠ ሙገሳ የለም። ደስ አለኝ። ይኸው አወጣሁት! ዘጠኝ አሮጊቶች መሳቢያ ውስጥ ገብተው፣ እኔ ቫፍሌ ላይ ጃም እየቀባሁ፣ ደስ አለኝ።

በማግስቱ እትዬ አስካለ ደወሉ።

«ምን አሉህ ልጄ?»

«እምቢ አሉ፣ እትዬ።»

«ለሁላችንም መሆኑን ነግረሃቸው?»

«ነግሬያቸው።»

ከዚያ እኔን ማጽናናት ጀመሩ። «አንተ ምን ታደርግ፤ ብቻህን ነህ፤ አይዞህ።» እኔን! የዋሸሁት ያኔ ነው። ከኮሪደሩ ይልቅ ይህ ይብሳል? አላውቅም። ኮሪደሩ ላይ የፈራሁት ፈረንጅ ነበር እንበል፤ ስልኩ ላይ ግን ማንን ፈራሁ? አንዲት አሮጊት። ጥፋቴን ወስጄ አራት ሰዎች ላይ ላከክሁት፤ እትዬ አስካለም አመኑኝ። በሐበሻው ሁሉ «ኮሚቴው ናቃቸው» ተባለ፤ እኔም ሲባል ሰማሁ፤ አፌን ዘግቼ ሰማሁ።

በየካቲት አንድ ማለዳ፣ ቁርሳቸውን ሊሠሩ ተነስተው፣ እትዬ አስካለ ወጥ ቤታቸው ውስጥ ወደቁ። ቁልፉን ተጫኑ። ሳጥኑ ጠየቀ፣ መለሱለት፣ ተዘጋ። እንደገና ተጫኑ። ልጃቸው በኋላ እንደነገረኝ ሦስት ጊዜ ተጭነዋል። እሱ ከሥራ ወጥቶ ብቅ ሲል ከቀኑ አሥር ሰዓት ሆኗል። ዳሌያቸው ተሰብሯል፤ ያቺ የአላርም ቁልፍ ያለችበት እጃቸው ደግሞ ከጎናቸው ሥር ተጭኖ ቆይቶ ደንዝዟል። ዳግመኛ ቤታቸው አልገቡም። ከሆስፒታል በቀጥታ ሲኬየም፣ መጦሪያ ቤት ማለት ነው፣ ወሰዷቸው፤ እዚያ አንድ እንኳ አማርኛ የሚሰማ ሰው አልነበረም።

አሁን «አንተ ባትወጣም እኮ አይመርጡትም ነበር» የምትለኝ አትጠፋም። ተወኝ! ራሴም ያንን ስል ነው ያንን ክረምት ያለፍኩት። ከዚህ ቀጥሎ ያለው ግን ያቺን ምክንያትም ከእጄ ላይ ነጠቃት።

በሚቀጥለው ዓመት መኸር፣ ጉዳይ ከምንመርጥበት ስብሰባ በፊት፣ የማኅበሩን ሴቶች አንድ በአንድ በየቤታቸው ዞርኩ። «በዚህ አገር ሙሴ የለም፤ እያንዳንዳችሁ ፈርሙ» አልኩ። ተቆጡኝ፣ አሾፉብኝ፣ ፈረሙ። እትዬ አስካለም በአልጋቸው ላይ ሆነው ፈረሙ። ዘጠኝ ደብዳቤ፣ ቃል በቃል አንድ ዓይነት፣ እንደዚያ ሕንጻ ሰዎች አድርጌ። ስብሰባው ላይ ጠረጴዛው መሐል አስቀመጥኩት። አልወጣሁም። ግማሽ ሰዓት ተናገርኩ፤ ጮህኩ ማለት ይሻላል።

ቱሪድ ደብዳቤዎቹን ቆጠረች። ከዚያ ተነስታ ከመሳቢያው የአምናውን አወጣችና ከጎኑ አስቀመጠችው። ፊርማዎቹን አስተያየች። ያ ግማሽ ገጽ የያዘ ፊርማ ዘንድሮ አንዲት መስመር ሆኗል።

«እነዚህ ሴቶች አምናም ነበሩ?»

«አዎ» አልኩ።

«ዘጠኙም?»

«ዘጠኙም። ይቺኛዋ የፈረመችው ለሁሉም ነበር። እኛ ዘንድ እንደዚያ ነው።»

ወረቀቱን እያየች «ብትነግረን ኖሮ አምስት እንሰጠው ነበር» አለች። ክፋት የለበትም አባባሏ፤ ነገሩን ነው ያለችው። ሼቲልም ራሱን ነቀነቀ። «በእርግጥ» አለ። በእርግጥ! ያ ዓመት ሙሉ ስፈራው የኖርኩት ሰው! ቱሪድ እስክሪብቶዋን አንስታ «5» ጻፈች። ጉዳዩ ከሁሉ በላይ ወጣ። ተመረመረ። በወራት ውስጥ አላርሙን የሚቀበሉት ሰዎች አስተርጓሚ በስልክ የሚያስገቡበት መንገድ ተዘረጋ፤ የእያንዳንዱ አዛውንት ቋንቋ ካርዱ ላይ ተጻፈ። ሰው የሚያጨበጭብልኝ በዚህ ነው።

ጉዳዩ በተመረጠ ማግስት ሲኬየም ሄድኩ። ልነግራቸው ነበር የሄድኩት፤ እምልልሃለሁ፤ መንገዱን ሙሉ ቃሉን እያዘጋጀሁ ነው የሄድኩት። «አምና አልነገርኳቸውም፤ ዋሸሁዎት» ልል። እትዬ አስካለ በተሽከርካሪ ወንበር መስኮቱ አጠገብ አስቀምጠዋቸዋል። ፀጉራቸውን አንዷ ነርስ በሕፃን ፕላስቲክ ማስያዣ አስይዛላቸዋለች። ሲያዩኝ ፊታቸው በራ።

«ተቀበሉት እትዬ» አልኩ። ከዚያ የሚቀጥለውን ልል አፌን ከፈትኩ።

እትዬ አስካለ ቀደሙኝ። እጄን በሁለት እጃቸው ያዙና «አምና እምቢ ያሉህን ዘንድሮ አሳመንካቸው! እኔ አውቅ ነበር እኮ፤ አንተ ዝም የምትል ሰው አይደለህም» አሉ። አልቅሰዋል። ዓይናቸውን ሳይጠርጉ መመረቅ ጀመሩ። በሄድክበት ይቅናህ አሉ። ልጆችህ ይባረኩ አሉ። እኔን ከወደቅሁበት እንዳሰብከኝ አምላክ ከመውደቅ ይጠብቅህ አሉ። እኔም ወንበራቸው ሥር ጎንበስ ብዬ፣ በየምርቃቱ፣ አሜን አልኩ። አሜን። አሜን። ሦስቱንም ጊዜ ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። ተነስቼ ጉንጫቸውን ስሜ ወጣሁ። በሳምንቱ እመለሳለሁ፣ ያኔ እነግራቸዋለሁ አልኩ። ተመለስኩ፤ አልነገርኳቸውም። በፀደዩ ሞቱ።

ፈሪ በሉኝ፤ ነኝ። ከፈሪም ፈሪ፣ ሕግ ጀርባ የተደበቀ ፈሪ። «ሕጉን አክብረህ ነው» ብሎ ሊያጽናናኝ የሚመጣ ካለ ግን በሬ ላይ ቆሜ እመልሰዋለሁ። ሕጉ ንገርና ውጣ ነው ያለኝ። «ዞሮ ዞሮ አስተካከልከው» የሚለኝም ይምጣ፤ የዘገየሁባትን አንዲት ዓመት በዚያች ወጥ ቤት ወለል ላይ ከጠዋት እስከ አሥር ሰዓት ተኝቶ ይቁጠራት።

ይቅር በሉኝም አልላችሁም። እናንተ ምን ቤት ናችሁ? ይቅር ማለት የሚችሉት እትዬ አስካለ ብቻ ነበሩ፤ እኔ ደግሞ ምን እንዳደረግኋቸው ሳይነገራቸው መርቀውኝ እንዲሞቱ አደረግኋቸው።